ቶንሲል ለተቈረጠ ሕሙም ስለሚገባው መብልና መጠጥ

ሰው ከደዌው የሚድነው በሐኪም እጅ ብቻ አይደለም። ሐኪሙ የእርሱን ሥራ ፈጽሞ ሕሙሙን ወደ ቤቱ በሰደደው ጊዜ፤ የቀረው ሥራ የእናትና የአባት፤ የአያትና የጎረቤት ነው። ይልቁንም ቶንሲሉ የተቈረጠ ልጅ ሕክምናው የሚፈጸመው በማዕድ ቤት ነው። ስለ ምን ቢሉ፤ ቍስሉ ያለበት ስፍራ መብልና መጠጥ የሚያልፍበት መንገድ ስለ ሆነ ነው። ቤተ ሰቡ ይህን ሳያውቅ ቢቀር፤ ከፍቅር የተነሣ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል። አንደኛው፤ ልጁ መዋጥ አመመኝ ሲል፤ ቍስሉ እንዳይነካበት ብሎ ያለ መብልና ያለ መጠጥ ማዋል ነው። ሁለተኛው፤ ደም ፈሶታልና ይበርታ ብሎ ትኩስና በርበሬ የበዛበትን መብል ማስገደድ ነው። ሁለቱም ጉዳት ያመጣሉ። ስለዚህ ለሕሙሙ የሚበጀውና የማይበጀው መብል ከነምክንያቱ ከዚህ ቀጥሎ ተገልጧል።

ስለ ቶንሲል ምንነት

አፍን ከፍቶ ጕሮሮን ቢመለከቱ፤ በመካከል ተንጠልጥላ የምትታየው ትንሽ ሥጋ እንጥል ትባላለች። ከእርስዋ በስተ ቀኝና በስተ ግራ፤ በጕሮሮ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው የሚገኙት ሁለት ዕጢዎች ግን ቶንሲል ይባላሉ። ሥራቸውም በአፍና በአፍንጫ የሚገቡትን የደዌ ተሕዋስያን እንደ ዘበኛ ቆሞ መቃወም ነው። በዚህ ሥራ ሳሉ አንዳንድ ጊዜ ራሳቸው ታምመው ያብጣሉ፤ ይቀላሉ፤ መግልም ይይዛሉ።

ቶንሲል ባበጠ ቍጥር ግን መቈረጥ አለበት ማለት አይደለም። አብዛኛው የጕሮሮ ሕመም በጥቂት ቀን ወይም ሐኪም በሚያዝዘው መድኃኒት ይድናል። አንዳንዱ የጕሮሮ ሕመም በወቅቱ ካልታከመ በኋላ የልብን በሮች የሚያበላሽ ደዌ ስለሚያስከትል፤ ትኩሳትና የጕሮሮ ቍስል የያዘውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ሐኪሞች ቶንሲል እንዲቈረጥ የሚመክሩት፤ ሕመሙ በአንድ ዓመት 7 ጊዜ ያህል ሲመላለስ፤ ወይም ዕጢው እጅግ አድጎ ልጁን በእንቅልፉ ትንፋሽ ሲያሳጣው፤ ወይም ይህን የመሰለ ሌላ ምክንያት ሲገኝ ነው።

በየመንደሩ እንጥልንና ቶንሲልን በምላጭ ወይም በጥፍር የሚቈርጡ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም ፈጽመው አልጠፉም። ይህ ልማድ ደም በማፍሰስና ቍስልን በመመረዝ ብዙ ሕፃናትን ጐድቷል። የ1996 ዓመተ ምሕረት የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ የሕፃናትን አካል መጉዳትን ይቀጣል። በሆስፒታል የሚደረገው ኦፕራሲዮን ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሕሙሙ በማደንዘዣ እንቅልፍ ተኝቶ፤ በንጹሕ መሣሪያ፤ ደሙን ማቆም በሚያውቅ ሐኪም እጅ ይሠራል።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስለሚታየው ነገር

ቶንሲሉ ከተነሣ በኋላ በሁለቱ ወገን የተገለጠ ቍስል ይቀራል። ይህ ቍስል እንደ እጅና እንደ እግር ቍስል በጨርቅ አይታሰርም። ራሱ ነጭ ወይም ግራጫ የሆነ ልባስ ያወጣና በዚያ ይሸፈናል። ይህንንም ያየ ዘመድ መግል ነው ብሎ ይደነግጣል፤ በጣት ወይም በጨርቅ ሊጠርገው የሚነሣም አይጠፋም። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ልባሱ የቍስሉ ክዳን ነውና የነካው ሰው ደም ያስነሣል። በነዚህ ቀኖች የልጁ ትንፋሽ ይሸታል፤ እርሱም ከዚሁ ልባስ የሚመጣ ስለ ሆነ አያስፈራም።

ዳግመኛም ልጁ ጆሮዬን አመመኝ ቢል ጆሮው ታመመ ማለት አይደለም። የጕሮሮና የጆሮ የስሜት ሥር አንድ ስለ ሆነ፤ የጕሮሮው ሕመም በጆሮ ይሰማል። ስለዚህ በጆሮው ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ ማፍሰስ አይገባም።

ሕመሙ ከ7 እስከ 14 ቀን ይቈያል። በመጀመሪያው ቀን ቀሎ ታይቶ፤ ከ4ኛው ቀን በኋላ ሊብስ ይችላል፤ ይህም ልጁ ወደ ኋላ ተመለሰ የሚያሰኝ አይደለም። ልባሱ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ተቀርፎ ይወድቃል። እነዚህ ቀኖች ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ናቸው።

ስለ መጠጥ

ከመብል ሁሉ የሚቀድመው መጠጥ ነው። ልጅ ጥቂት ቀን መብል ቢያንሰው ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ ይመለሳል፤ ውሃ ቢያጣ ግን በአንድ ቀን ይደክማል። የደረቀ ጕሮሮም ይሰነጠቃል፤ ሕመሙም ይጨምራል፤ ሕመሙ ሲጨምር ልጁ መዋጥን ይበልጥ ይፈራል። እንዲህ ጥም ሕመምን፤ ሕመምም ጥምን እየወለደ ይሄዳል። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት ነው።

20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ይህንን አንድ ጊዜ ጠጣ ቢሉት እምቢ ይላል። ነቅቶ በሚውልበት ጊዜ በየሰዓቱ ግማሽ ብርጭቆ ያህል በማንኪያ ወይም በሲኒ ቢሰጡት ግን ሳይታወቀው ይሞላለታል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት፤ ቀጭን አጥሚት፤ የሥጋ ወይም የአትክልት መረቅ ለብ ብሎ ወይም ቀዝቅዞ ይስማማዋል። ወተት ከጠጣ በኋላ ጕሮሮው የተለጠፈበት ቢመስለው፤ ጥቂት ውሃ ያስከትል። በረዶ በሚገኝበት ከተማ የበረዶ ፍርፋሪ መምጠጥ ሕመሙን ያደነዝዛል።

ልጁ ውሃ እንዳነሰው የሚታወቀው በእነዚህ ምልክቶች ነው። ሽንቱ እንደ ጠላ ይጠቍራል፤ ወይም ከ12 ሰዓት በላይ ሳይሸና ይቈያል፤ ሲያለቅስ እንባ ያጣል፤ ከንፈሩና ምላሱ ይደርቃል፤ ዐይኑ ይጎደጕዳል። እንዲህ የሆነ ልጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ስለ መብል

መዋጥ ቍስሉን ይጐዳል የሚለው አሳብ እውነት አይደለም። የጕሮሮ ሥጋ ሲንቀሳቀስ አይደርቅም፤ መብልና መጠጥም ሲያልፍ ቍስሉን ያጥበዋል። ስለዚህ ልጁ የሚችለውን እንዲበላ ማበረታታት እንጂ መከልከል አይገባም። ለዚህም ከባሕር ማዶ የሚመጣ መብል አያስፈልግም፤ በገጠር ቤት ከሚገኘው የሚበቃ አለ።

በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀኖች የሚፈስሰው መብል ይቀድማል። የአጃ ወይም የገብስ ዱቄት በብዙ ውሃ ተበጥብጦ፤ በደንብ ከበሰለ በኋላ እንዳይጎረብጥ በወንፊት ይጠለል፤ ጥቂት ወተት ወይም ማር ይጨመርበት። እናቲቱም ከመስጠትዋ በፊት በእጅዋ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋ ትፈትነው፤ ለእጅዋ የሚያቃጥል ለቍስል ይልቁን ያቃጥላል። ማር የጕሮሮን ሕመም እንደሚያስታግስ በልዩ ልዩ አገር የተደረገ የሐኪሞች ምርመራ አሳይቷል። ነገር ግን ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ለሌላ ሰው የማይጐዳ ተሕዋስ ሕፃንን ይመርዘዋልና።

ከዚያ በኋላ ለስላሳው መብል ይከተላል። ይህም ቀጠን ያለና የቀዘቀዘ ገንፎ ያለ በርበሬ፤ የተቀቀለና የተፈጨ ድንች፤ አልጫ ሽሮ፤ በደንብ የበሰለ ክክ አልጫ፤ ለስላሳ ሆኖ የተጠበሰ ወይም የተቀቀለ እንቍላል፤ የበሰለ ሙዝ፤ ፓፓያና አቮካዶ፤ እንዲሁም በደንብ በስሎ የደቀቀ ሥጋ ነው። ያልኮመጠጠ እርጎም ይስማማዋል፤ የኮመጠጠው ግን ሊቈጠቍጠው ይችላል። እንጀራም በአልጫ ረጥቦ ፍትፍት ከሆነ ይዋጣል፤ ኮምጣጣው ካቃጠለው ግን ጥቂት ቀን ይቈይለት። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ ልጁ ራሱ እየፈለገ ወደ ለመደው መብል ቢመለስ መልካም ነው።

ከመብል 30 ደቂቃ ያህል በፊት ሐኪሙ ያዘዘውን የሕመም ማስታገሻ መስጠት ትልቅ ዘዴ ነው። ሕመሙ ጋብ ሲል መዋጥ ይቀላልና። መድኃኒቱ ልጁ ባለቀሰ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሐኪሙ በወሰነው ሰዓትና መጠን ይሰጥ። አስፒሪን ግን ደምን እንዳይረጋ ስለሚያደርግ፤ ከሐኪም ትእዛዝ ውጪ አይሰጥም።

መከልከል ስለሚገባው

አንደኛ፤ የሚያቃጥለው ነው። በርበሬ፤ ሚጥሚጣ፤ ሰናፍጭ፤ ፌጦ፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ለቍስል አይስማሙም። ለጕሮሮ ሕመም ፌጦና ዝንጅብል መስጠት የታወቀ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ያበጠ ጕሮሮና የተቈረጠ ጕሮሮ አንድ አይደለም። ሁለተኛ፤ የሚቧጭረው ነው። ቆሎ፤ ዳቦ ቆሎ፤ ድርቆሽ፤ ቂጣና የደረቀ የዳቦ ቅርፊት ልባሱን ያለ ጊዜው ይቀርፉታል። ሦስተኛ፤ የሚቈጠቍጠው ነው። ሎሚ፤ ብርቱካንና ቲማቲም ጥቂት ቀን ይቈዩ። አራተኛ፤ የሚፈላው ነው። ትኩስ ቡና፤ ትኩስ ሻይና የቀለጠ ትኩስ ቅቤ አይሰጥ። አምስተኛ፤ አረቄ፤ ጠጅና ጠላ ናቸው። ቍስሉን ያጥባል ተብሎ አረቄ ማስጐንጨት ቍስልን ማቃጠል ነው። ስድስተኛ፤ ቀይ መጠጥ ነው። በራሱ አይጐዳም፤ ነገር ግን ልጁ ቢያስታውክ ከደም ጋራ ያምታታል።

ስለ ጾም

ኦፕራሲዮኑ በጾም ወራት ቢሆን፤ ሽማግሌዎች የሚጠየቁት ስለዚህ ነው። በፍትሐ ነገሥት ደዌ ያደከመው ሰው በጾም እንደማይገደድ ተጽፏል። በቍርአንም የታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲተካ ተፈቅዶለታል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋራ ተመካክሮ ሕሙሙን ያብላ። የፍስክ መብልን የማይወድ ሕሙም ቢኖር እንኳ፤ ውሃ ሳይቈጥብ በውሃ የተሠራ አጥሚት፤ አልጫ ሽሮ፤ የተፈጨ ድንች፤ ተወቅጦ የተጠለለ የሱፍ ውሃ፤ ተፈጭቶ የተጠለለ ተልባ ሊወስድ ይችላል። ከመጠጥ መከልከል ግን በምንም ምክንያት አይገባም።

ስለ ደም መፍሰስ

ከሁሉ የሚያስፈራው ደም ነው። በመጀመሪያው ቀን፤ ዳግመኛም ልባሱ በሚወድቅበት ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ሊመጣ ይችላል። በምራቅ ላይ እንደ ክር የታየ ጥቂት ደም ቢሆን እንኳ ለሐኪም መንገር ይገባል። ቀይ ደም ከአፉ ቢፈስስ፤ የረጋ ደም ቢተፋ፤ እንደ ቡና አተላ የጠቈረ ቢያስታውክ፤ ወይም ተኝቶ ሳለ ደጋግሞ የሚውጥ ቢመስል፤ ልጁን ቀና አድርጎ፤ ወደ ፊት አጐንብሶ ማስቀመጥና ደሙን እንዲተፋ ማድረግ ይገባል። ወዲያውም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በዚያ መንገድ ላይ ብቻ መብልም መጠጥም አይሰጠው፤ እንደ ገና በማደንዘዣ መተኛት ያስፈልገው ይሆናልና። ትኩሳቱ ከ38.5 ዲግሪ በላይ ቢሆንም ሐኪም ይየው።

ስለዚህ ቤታቸው ከሆስፒታል የራቀ ሰዎች፤ ልጁን በ2ኛው ቀን በበቅሎ ወይም በመኪና አንገላትተው ወደ ሩቅ አገር ባይመልሱ ይሻላል። ቢቻል እስከ 10ኛው ወይም እስከ 14ኛው ቀን በከተማው ካለ ዘመድ ቤት ይቈዩ። የአንድ ሳምንት እንግድነት ከሌሊት ጕዞ ይቀልላል።

ስለ መምህራንና ስለ ሽማግሌዎች ተግባር

ልጁ 2 ሳምንት ያህል ከትምህርት ቤት ይቀራል። መምህሩም ይህን ቀሪነት እንደ ስንፍና አይቍጠርበት፤ ያመለጠውን ትምህርት በኋላ ያሳየው። በተመለሰም ጊዜ ከሩጫና ከትግል ጥቂት ቀን ያሳርፈው፤ በክፍል ውስጥም ውሃ ይዞ እንዲገባ ይፍቀድለት። ሽማግሌዎችም በበኩላቸው ሊጠይቅ የመጣውን ዘመድ ሁሉ ይምከሩ። አንዱ አረቄ፤ ሁለተኛው ፌጦ፤ ሦስተኛው ትኩስ ቅቤ ይዞ በፍቅር ይመጣልና፤ ያመጣውን በምስጋና ተቀብሎ ለጤነኞች ማኖር ይቻላል። ለሕሙሙ ግን ለብ ያለ አጥሚትና በየሰዓቱ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ይበቃዋል። ይህን በትዕግሥት የሚሰጥ እጅ፤ ሐኪሙ የጀመረውን ሥራ በደኅና ይፈጽማል።