መጽሐፍ የማያውሰው ቤተ መጻሕፍት

በኒው ዮርክ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ኤቨሪ ቤተ መጻሕፍት በአብዛኛው መጽሐፍ አያውስም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1890 የሞተውን ወጣት አርክቴክት ሄንሪ ኦግደን ኤቨሪን ለማስታወስ ወላጆቹ ያቋቋሙት ይህ ቤት በሥነ ሕንጻና በሥነ ጥበብ ስብስቡ እጅግ የታወቀ ነው፤ አንባቢው ግን የፈለገውን እዚያው አንብቦ ይመልሳል። «ታዲያ ሀብቱን ለማን አካፈለ?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ሆኖም ከ1934 ጀምሮ ሠራተኞቹ የሥነ ሕንጻ መጽሔቶችን እየገለጡ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ርዕስ፣ የሕንጻውንና የአርክቴክቱን ስም በማውጫ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ስለ አንድ ሕንጻ የሚያጠና ተማሪ ያለዚህ ማውጫ የብዙ ዓመት መጽሔት ቅጽ በቅጽ መገልበጥ ነበረበት። ቅጹንና ገጹን ካወቀ ግን ጽሑፉን ካለበት ቤት አስቀድቶ ማስመጣት ይችላል። ለእኔ የማካፈል ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ የት እንዳለ ያልታወቀ መጽሐፍ ቢዋስም ባይዋስም ለአንባቢው እንደሌለ ይቆጠራል።

ለመጠቆም ግን አስቀድሞ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ በሥነ ጥበብ ደግሞ የመሰብሰቢያው ጊዜ አጭር ነው። የዐውደ ርእይ ካታሎግ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቅጂ ይታተማል፣ ብዙው መጻሕፍት መደብር አይደርስም፣ ዐውደ ርእዩ ሲዘጋም ማግኘቱ ይከብዳል። የሥነ ጥበብ ቤተ መጻሕፍት ከሙዚየሞች ጋር ኅትመት የሚለዋወጡት ለዚህ ነው። «ጎረቤት ካለው እኛ ለምን እንገዛለን?» የሚለው የበጀት ክርክር ከባድ ነው፣ በከፊልም ልክ ነው። ኮሎምቢያ፣ ፕሪንስተንና የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2000 የጋራ ማከማቻ ማቋቋማቸው፣ ሃርቫርድም በ2019 መቀላቀሉ አንድ ቅጂ ለብዙዎች እንዲበቃ ነው። ነገር ግን ሁሉም ጎረቤቱን ካመነ ያን አንድ ቅጂ የሚገዛው ማን ነው? ስለዚህ ማን ምን እንደሚገዛ የሚወስነው ስምምነት ቤተ መጻሕፍት እርስ በርስ ከሚያደርጉት የውሰት ስምምነት መቅደም አለበት።

ሁሉንም በዲጂታል ቀድቶ መልቀቅ አይበጅም ወይ? ለአሮጌው መጽሐፍ ይበጃል፤ ጌቲ የምርምር ተቋም በ2012 የከፈተው የጋራ መፈለጊያም በዲጂታል የተቀዱ የሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍትን በነፃ ያገናኛል። የቅርቡ ዘመን ሥዕል ግን በቅጂ መብት የታሰረ ነው። ፒካሶ የሞተው በ1973 ነው፤ በአብዛኛው የአውሮፓ አገሮች መብቱ እስከ 2043 መጨረሻ ይዘልቃል። ስለዚህ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ካታሎግ ዛሬም በወረቀት መያዝ አለበት። የሚያሳስበኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የውሰት ስምምነት በሌለው ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ከማውጫው የሚያገኘው አድራሻ ብቻ ነው። ይህ እውነት ነው፤ መልሱም የማውጫውን ሥራ መቀነስ ሳይሆን፣ አንድ ጽሑፍ ቀድቶ የመላክ አገልግሎትን ሕጉ እስከፈቀደው ድረስ ከስምምነቱ አባል ተቋማት ውጭ ላለ ጠያቂም መክፈት ነው።