ጢስና የሳንባችን ዘበኞች

ከመካከላችን በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ የምንመላለስ ጥቂቶች አይደለንም። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን በማድ ቤት በር ሳያስል ያለፈ ማን አለ? የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ከምጣዱ ሥር ሲነድ፥ እናቶቻችን ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ «ጢስ ነው፥ ያልፋል» ይሉናል። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ሐኪሞች ባንሆንም፥ በእርግጥ ያልፍ እንደ ሆነ የሕክምና መጻሕፍትን ገልጠን ለማወቅ ሞክረናል።

ሳንባ የራሱ ዘበኞች አሉት። በአየር ቧንቧ ግድግዳ ያሉ ጥቃቅን ፀጉሮች ሌት ተቀን እየተወዛወዙ በአክታ የተያዘውን ትቢያ ወደ ጉሮሮ ይጠርጋሉ። ከእነርሱ አምልጦ ወደ ውስጥ የዘለቀውን ማክሮፋጅ የሚባሉ በላተኛ ሕዋሳት ይውጡታል። ሌሎች ገዳይ ሕዋሳት ደግሞ ባሕርይዋን ለውጣ ያለ ልክ መራባት የጀመረችውን የገዛ ሕዋሳችንን ለይተው ያጠፋሉ። በየሕዋሱ ውስጥም ፒ 53 የሚባል ዘረ መል አለ፤ ሕዋሱ የተበላሸ እንደ ሆነ እስኪጠገን ድረስ እንዳይራባ ያግደዋል፥ መጠገን ካልቻለም ራሱን እንዲያጠፋ ያዘዋል። ብዙ ዕጢ ሳናውቀው በእንጭጩ የሚቀረው በዚህ ጥበቃ ነው። (ካንሰር የምንለው ይህን የዕጢ በሽታ ነው፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል የኖረው በባክቴሪያ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነውና አይምታታብን።)

የጢስ ክፋቱ ሕዋሱን ማበላሸቱ ብቻ ሳይሆን ዘበኞቹንም ማዳከሙ ነው። በእንጨትም በሲጋራም ጢስ ውስጥ ያሉት አክሮሊንና ፎርማልዲሃይድ ፀጉሮቹን ያደነዝዛሉ፤ ያልተጠረገው መርዝ እዚያው ይሰነብታል። ከዚያው ጢስ የሚገኘው ቤንዞፓይሪን በሰውነት ውስጥ ተለውጦ ከዘረ መል ጋር ይጣበቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የወጣ የላቦራቶሪ ጥናት የሚጣበቅበትን ቦታ ሲመረምር፥ በሳንባ ካንሰር ጊዜ ዘወትር ተበላሽተው የሚታዩት የፒ 53 ክፍሎች ሆነው ተገኙ። ማክሮፋጆቹም ጥቀርሻ ሲውጡ ኖረው በማይክሮስኮፕ ጠቁረው ይታያሉ፥ ሥራቸውም ይደክማል። በአጫሾች ዘንድ የገዳይ ሕዋሳቱም ኃይል ይቀንሳል። ከሁሉ የሚያስደነግጠን ግን ሳንባ ዘወትር ሲቆጣ ማክሮፋጆቹ የሚያመነጩት ንጥረ ነገር ራሱ ዕጢውን ሊያሳድገው መቻሉ ነው፤ ዘበኛው ከሌባ ጋር ተመሳጠረ ማለት ነው።

የጥቀርሻ ክስ አዲስ አይደለም። የእንግሊዙ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1775 የጢስ ማውጫ ጠራጊዎችን ካንሰር ከጥቀርሻ ጋር አያይዞ ጽፏል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በቤት ውስጥ የሚነድ የድንጋይ ከሰል ጢስ ካንሰር እንደሚያመጣ ሲያረጋግጥ፥ የእንጨቱን ጢስ «ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት መድቦታል።

በየሻይ ቤቱ ሲጋራ የምንለኩስ ወንድሞችም ከዚህ ሒሳብ አንወጣም። ሲጋራ ላቆመ ሰው ፀጉሮቹ በጥቂት ወራት ውስጥ መሥራት ይጀምራሉ፤ የሳንባ ካንሰር ሥጋቱም በአሥር ዓመት ገደማ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የእናቶቻችን ነገር ግን በፈቃድ ብቻ የሚቆም አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛችውም ብትሆን መብራት በጠፋ ቀን ሊጡ አይጠብቃትምና ወደ ጭራሮዋ ትመለሳለች።