ፍሉይድ ሄድ ሲገዛ፦ ከኪሎው በፊት ስለ ሞላው ጠይቁ

ሙሽሮቹ ከመኪና ወርደው ወደ አዳራሹ በር ሲያመሩ ካሜራው ይከተላቸዋል። ቪዲዮው በትልቅ ስክሪን ሲታይ ግን ምስሉ ሲነሳ ይነጥራል፣ መሀል ላይ ይያዝና ይለቃል፣ ሲቆም ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ባለሰርጉ ምክንያቱን ባያውቅም ዓይኑን ይረብሸዋል። ካሜራማኑ ብዙ ጊዜ ካሜራውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከካሜራው ሥር፣ ከትራይፖዱ እግር በላይ በተገጠመችው ሄድ ላይ ነው።

ለፎቶ የተሠራ ሄድ ሥራው ካሜራውን ባለበት ማሰር ነው። የቪዲዮው ከዚህ ይለያል፤ ካሜራው እየተንቀሳቀሰ እንቅስቃሴውን መግራት አለበት። ፍሉይድ ሄድ ይህን የሚያደርገው በግሪስ ነው። ተጠጋግተው በሚዞሩ ክፍሎች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ወፍራም ግሪስ ይሞላል። እጀታው ሲገፋ ግሪሱ እየተሳበ ይቃወማል፤ ካሜራማኖች ይህን ተቃውሞ ድራግ ይሉታል። ማር ውስጥ እንደገባ ማንኪያ ነው፤ በዝግታ ሲያዞሩት ይታዘዛል፣ ሲቸኩሉበት ይከብዳል። የእጅ መንቀጥቀጥ አጭርና ፈጣን ስለሆነ ግሪሱ ውጦ ያስቀረዋል፤ ታስቦበት በዝግታ የሚደረገውን ዙረት ግን ያሳልፈዋል።

በጣም ርካሽ የሆኑት ሄዶች፣ ስማቸው ላይ “ፍሉይድ” የሚል ቢለጠፍባቸውም፣ ብዙዎቹ የሚሠሩት በደረቅ ፍትጊያ ነው። ፍትጊያ መጀመሪያ ይይዛል፣ ከተነሳ በኋላ በድንገት ይለቃል። በሰርጉ ቪዲዮ ላይ ያየነው ንጥረት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በ1940ዎቹ አውስትራሊያዊው ኤሪክ ሚለር ለፊልም ካሜራ ፍሉይድ ሄድ ሠራ። በአሜሪካ ደግሞ ቻድዌል ኦኮነር የተባለ መሐንዲስ የእንፋሎት ባቡሮችን በፊልም ማንሳት ይወድ ነበርና ካሜራው ባቡሩን ሳይንገጫገጭ እንዲከተልለት የራሱን ሄድ ፈጠረ። ዋልት ዲዝኒ አይቶ ወደደውና ለዱር እንስሳት ፊልሞቹ ገዛው፤ በኋላም የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ኦኮነርን ለዚህ ፈጠራ ሸልሞታል። በሁለቱ ሰዎች ስም የሚጠሩት ሄዶች ዛሬም አሉ፤ የኦኮነሮቹ ዋጋ ግን ለፊልም ስቱዲዮ እንጂ ለሰርግ ቀራጭ የሚቀመስ አይደለም። አቅም ያነሰው ገዢ ምርጫው ጠባብ ስለሆነ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት።

መጠየቅ ያለበት ስለ ሞላው ነው። ካሜራው ቀጥ ብሎ ሲቆም ክብደቱ መሀል ላይ ያርፋል። ወደ ፊት ሲያዘነብል ክብደቱ ከመሀል ይወጣና ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ባዘነበለ ቁጥር ጉተታው ይጨምራል። ሄዷ ውስጥ ያለው ሞላ ይህን ጉተታ በተቃራኒው ይገፋዋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ እጃችሁን ብታነሱም ካሜራው ባዘነበለበት ይቆማል።

ማንፍሮቶ 500 የተባለውን ሄድ እንውሰድ። ዋጋው ከብዙዎቹ ዝቅ ያለ ስለሆነ በጀማሪ ቪዲዮ ቀራጮች እጅ በብዛት ይገኛል። 5 ኪሎ ይሸከማል ተብሎ ይሸጣል። ሞላው ግን የተሠራው ለ2.4 ኪሎ ነው፤ ያውም የካሜራው የክብደት ማዕከል ከሄዷ ወለል 55 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል። ሞላው ቋሚ ነው፤ አይጨመርም፣ አይቀነስም። 650 ግራም የሚመዝነውን ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ከአነስተኛ ሌንስ ጋር ስትገጥሙበት ሞላው ይበረታል፤ ካሜራውን ወደ ታች አዘንብላችሁ ስትለቁት ተመልሶ ይነሳል። አራት ኪሎ ስትጭኑበት ደግሞ ሞላው ይሸነፍና ካሜራው በአፍጢሙ ይደፋል። ሁለቱም ክብደት ግን ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው በታች ነው። “ከባዱን የቻለ ቀላሉን አያቅተውም” የሚለው ስሌት እዚህ አይሠራም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ካሜራውን ለሥራ እንደምትወጡበት ሙሉ በሙሉ ገጣጥማችሁ መዝኑት፦ ሌንሱ፣ ባትሪው፣ ማይኩ፣ ሞኒተሩ ሁሉ አብሮ ይመዘን። ከላይ የተሰካ ሞኒተር የክብደቱን ማዕከል ከፍ ስለሚያደርግ ግራሙ ከሚያሳየው በላይ ሞላውን ያደክማል።

የተመዘነው ሁለት ኪሎ ተኩል አካባቢ ከሆነ የ500 ዓይነቱ ይበቃል። ሦስትና አራት ኪሎ የሚደርስ የትከሻ ካሜራ ያለው፣ ሞላው ለ4 ኪሎ የተስተካከለውን ማንፍሮቶ 502 ቢይዝ ይሻለዋል። ዛሬ ትንሽ ሚረርለስ ካሜራ፣ ነገ የትከሻ ካሜራ ለሚገጥም ሰው ግን ቋሚ ሞላ አያዋጣም፤ ደረጃ ያለው ሞላ መፈለግ አለበት። ዛክትለር ኤስ ኤም ከዜሮ እስከ 4 ኪሎ በአምስት ደረጃ ይስተካከላል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ማንፍሮቶ 504ን ቢያገኝ፣ ባለ አራት ደረጃ ሞላው እስከ 7.5 ኪሎ ያደርሰዋል። ከዚያ በላይ የሚመዝን የቴሌቪዥን ካሜራ ያለው ሰው አዲስና ርካሽ ሄድ ማግኘት ይከብደዋል፤ ያገለገለ፣ ከታች 100 ሚሊ ሜትር ግማሽ ኳስ ያለው የታወቀ ሥሪት ቢፈልግ ይሻላል።

የሄዷ ታችም ዋጋ አለው። ጠፍጣፋ ከሆነ አናቱ ጠፍጣፋ በሆነ እግር ላይ በብሎን ይታሰራል፤ ነገር ግን ደረጃ ወይም ተዳፋት ላይ ስትቆሙ ውኃ ልኩን የምታገኙት ሦስቱን እግሮች እያስረዘማችሁና እያሳጠራችሁ ነው። ግማሽ ኳስ ያለው ከሥሩ ላላ ተደርጎ በቅጽበት ይስተካከላል። ከሰው ጋር ለሚሯሯጥ ቀራጭ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ካሜራው የሚታሰርበትን ፕሌት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተታችሁ ካሜራውን አመጣጥኑ። ከዚያ ካሜራውን ወደ ታች አዘንብላችሁ እጃችሁን ከአጠገቡ ሳታርቁ ልቀቁት፦ ከወደቀ ሞላው ደካማ ነው፣ ከተነሳ ብርቱ ነው። ቀጥሎ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ዙም አድርጉና እጀታው ላይ የገንዘብ ላስቲክ አስገብታችሁ በላስቲኩ ጎትቱት። ደህና ሄድ በለስላሳ ይነሳል፤ ደካማው ላስቲኩን ካስረዘመ በኋላ ዘሎ ይነሳል። ዙረቱን ስታቆሙ የምስሉን ጠርዝ ተመልከቱ፤ ወደ ኋላ ከተመለሰ ያ ሄድ በቴሌ ሌንስ ያሳፍራችኋል።

ያገለገለ ስትገዙ ከመጋጠሚያዎቹ ግሪስ የወጣበትን ተዉት። ፕሌቱ አብሮ መኖሩንም አረጋግጡ፤ የአንዱ ፕሌት ለሌላው ሁልጊዜ አይገጥምም። ማጥበቂያውን ግማሽ አጥብቆ እንደ ድራግ የሚጠቀም ሰው የያዘው ሄድ ውስጡ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ማጥበቂያ ለመቆለፍ ብቻ ነው። ግሪስ በብርድ ይወፍራል፤ በሰሜን ተራሮች ማለዳ ጭላዳ ለመቅረጽ የወጣ ሰው ድራጉን ዝቅ ማድረግና ሄዷን ደጋግሞ በማዞር ማፍታታት ይኖርበታል።

ገንዘቡ ለአንድ ሄድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ በብዛት ለምትሠሩበት ካሜራ የሚስማማውን ግዙ። ከባዱ ካሜራ የሚመጣው አልፎ አልፎ ከሆነ ለዚያ ቀን ሄድ ተከራዩ፤ በዓመት ለሁለት ቀን ሥራ ተብሎ የተገዛ ብርቱ ሞላ የቀረውን ዓመት ትንሿን ካሜራ ሲገፋ ይከርማል።