ማን ይቅረብ ነበር? የዴሞክራቶች የማያልቅ ክርክር

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ካማላ ሃሪስ በዶናልድ ትራምፕ ከተሸነፉ ወዲህ በአሜሪካ ዴሞክራቶች መካከል አንድ ክርክር አላባራም (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጆ ባይደን አንድ ዓመት ቀድመው ቢለቁስ ኖሮ? በሃሪስ ፋንታ የፔንሲልቬንያው አገረ ገዥ ጆሽ ሻፒሮ ወይም የሚሺጋኗ ግሬቸን ዊትመር ቢቀርቡስ? እንዲያውም ባይደን እስከ መጨረሻው መቆየት ነበረባቸው የሚሉም አሉ። ሰባቱን ወሳኝ ግዛቶች አጥቶ 312 ለ226 በሆነ የኤሌክቶራል ድምፅ የተሸነፈ ፓርቲ እንዲህ ቢብሰለሰል አይገርምም። በጠቅላላው የሕዝብ ድምፅ ግን ልዩነቱ አንድ ተኩል በመቶ ያህል ነበር፤ ቁጭቱን ያባባሰውም ይኸው መቀራረቡ ነው።

ያልተወዳደረ ሰው ስንት ድምፅ ያገኝ እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህም ስለ ሰዎቹ የሚደረገው ሙግት መቋጫ የለውም። መመርመር የሚቻለው ዕጩው የተመረጠበት መንገድ ነው። እኔም ቁስሉ ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባይደን ዳግም እንደሚወዳደሩ ያስታወቁት ኤፕሪል 2023 ነው። ዕድሜያቸው ያን ጊዜም የመራጩ ዋና ስጋት ነበር። የፓርቲው ብሔራዊ ኮሚቴ ግን መንገዱን አመቻቸላቸው። በ2020 አራተኛና አምስተኛ የወጡባቸውን አዮዋንና ኒው ሃምፕሸርን ወደኋላ አድርጎ፣ ያን ጊዜ ከውድቀት ያዳነቻቸውን ሳውዝ ካሮላይናን ቀዳሚ አደረጋት። በተፎካካሪዎች መካከል አንድም የቴሌቪዥን ክርክር አላዘጋጀም። በፍሎሪዳ የፓርቲው ቅርንጫፍ የባይደንን ስም ብቻ ስላቀረበ ቅድመ ምርጫው ጭራሽ ሳይካሄድ ቀረ። ሌላ ሰው ይቅረብ ብለው የተነሡት የሚኒሶታው የምክር ቤት አባል ዲን ፊሊፕስ ከገዛ ጓዶቻቸው ያገኙት ወቀሳ ነበር። ኒው ሃምፕሸር የኮሚቴውን ትእዛዝ አልቀበልም ብላ በጃንዋሪ ምርጫዋን ስታካሂድ ፊሊፕስ ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አገኙ። ባይደን ስማቸው በወረቀቱ ላይ ሳይኖር፣ ደጋፊዎቻቸው በእጃቸው እየጻፉላቸው አሸነፉ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ከዚያ ጁን 27 ቀን በአትላንታ ከትራምፕ ጋር የተደረገው ክርክር መጣ። ፕሬዚዳንቱ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ሲያቅታቸው ሚሊዮኖች አዩ። በቀናት ውስጥ የቴክሳሱ ሎይድ ዶጌት በሥራ ላይ ካሉ የፓርቲው የምክር ቤት አባላት የመጀመሪያው ሆነው ባይደን ይልቀቁ ሲሉ በአደባባይ ጠየቁ። ሌሎችም ተከተሏቸው፤ ጁላይ 21 ቀን ባይደን ከውድድሩ ወጡ። በዚያው ቀን ለሃሪስ ድጋፋቸውን ሰጡ፤ በማግስቱ ሃሪስ ለዕጩነት የሚበቃ የልዑካን ድጋፍ በእጃቸው ነበር። ለባይደን በቅድመ ምርጫ ድምፅ የሰጠው ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ዴሞክራቶች ጭምር፣ በኖቬምበር ወረቀት ላይ ያገኘው ቀድሞ ያልተጠየቀበትን ስም ነው።

በዚያ ጁላይ ሌላ ምን ይደረግ ነበር ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ሃሪስን መምረጥ ትክክል ነበር። የዘመቻው ገንዘብ በሁለቱ ስም የተሰበሰበ ስለነበር ወደ እሳቸው ሳያጨቃጭቅ ሊተላለፍ ይችል ነበር። ጊዜም አልነበረም። የመጀመሪያዋን ጥቁር ሴት ምክትል ፕሬዚዳንት አልፎ ሌላ ሰው መፈለግም የፓርቲውን ታማኝ መራጮች ያስቀይም ነበር። ጥፋቱ ከዚያ ይቀድማል። በ2023 ያዩትን እያዩ ዝም ያሉ አገረ ገዥዎች፣ ሴናተሮችና አማካሪዎች ናቸው ተጠያቂዎቹ። ሃሪስ ራሳቸው በ2025 ባሳተሙት መጽሐፍ ውሳኔውን ለባይደንና ለባለቤታቸው ብቻ መተው ግዴለሽነት እንደነበር ጽፈዋል። ሲጽፉት ግን ምርጫው አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ለመላው የፓርቲው አመራር ነው።

ፓርቲው ይህን መንገድ ቀድሞም ሄዶበታል። በማርች 1968 በቬትናም ጦርነት የተጠሉት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን፣ ተፎካካሪያቸው ዩጂን ማካርቲ በኒው ሃምፕሸር 42 በመቶ ካገኙባቸው በኋላ፣ አልወዳደርም አሉ። ሌላው ተፎካካሪ ሮበርት ኬኔዲ በጁን ተገደሉ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሂዩበርት ሃምፍሪ በአንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ በቺካጎው ጉባኤ ዕጩ ሆኑ። ደጅ ላይ ፖሊስ ሰልፈኞችን ሲደበድብ አገር በቴሌቪዥን ያይ ነበር። ሃምፍሪ በሪቻርድ ኒክሰን የተሸነፉት ከአንድ በመቶ ባነሰ የሕዝብ ድምፅ ልዩነት ነው። ዕጩ ሳይሆኑ የቀሩት ማካርቲ ቢቀርቡ ኖሮ የሚለው ወሬ ግን አልሞተም፤ ምክንያቱም ማካርቲን ያሸነፋቸው መራጩ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዕጩ የመምረጡ ሥልጣን ወደ መራጩ ተዛወረ። በ1972 መራጩ ጆርጅ ማክገቨርንን አቀረበ፤ ማክገቨርን ከ50 ግዛቶች 49ኙን አጡ። የፓርቲው ሽማግሌዎች ደንግጠው፣ በቅድመ ምርጫ ውጤት ሳይታሰሩ በጉባኤው ድምፅ የሚሰጡበት ሱፐር ዴሌጌት የሚባል መቀመጫ ለራሳቸው ፈጠሩ። በ1984 ዋልተር ሞንዴልን አጥብቀው ደገፉ፤ ሞንዴልም 49 ግዛት አጡ። የመሪዎች ብልሃትም ሆነ የመራጭ ስሜት ለድል ዋስትና አይሆንም። ሪፐብሊካኖቹም በ2016 ይህን አይተዋል። ሚት ሮምኒን የመሳሰሉ አንጋፋዎች ትራምፕ ፓርቲውን ያጠፋሉ ብለው ሲከላከሉ፣ መራጩ አልሰማቸውም፤ ትራምፕም አሸነፉ።

በዚያው ዓመት ሂላሪ ክሊንተን በቅድመ ምርጫ በርኒ ሳንደርስን ከሦስት ሚሊዮን በላይ ድምፅ በልጠው አሸንፈዋል። ይህ የማያሻማ ድል ነው። ነገር ግን የብሔራዊ ኮሚቴው ኢሜይሎች ሾልከው ወጥተው ሠራተኞቹ ለክሊንተን ማድላታቸው ሲታወቅ፣ ሊቀመንበሯ ዴቢ ዋሰርማን ሹልትስ በጉባኤው ዋዜማ ሥልጣን ለቀቁ። ድሉ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ዳኛው ስላደላ ብቻ ጥርጣሬው እስከ ዛሬ ዘልቋል። በ2020 ግን የሳውዝ ካሮላይናው የምክር ቤት አባል ጂም ክላይበርን ለባይደን ድጋፋቸውን በግልጽ ሰጡ፤ የግዛቷ ጥቁር መራጮች በድምፃቸው አጸኑት፤ ተፎካካሪዎቻቸው ፒት ቡቲጀጅና ኤሚ ክሎባሻርም ከውድድሩ ወጡ። በዚያኛው ምርጫ የመሪዎቹ እጅ ቢኖርበትም የመጨረሻው ቃል የመራጩ ስለነበር ቅሬታው ብዙ አልዘለቀም።

አሁን ፓርቲው በ2028 የትኛው ግዛት ቀድሞ ይምረጥ በሚለው ይከራከራል። ክርክሩ ጠቃሚ ነው፤ ግን ዋናውን ጉድለት አይነካም። በ2028 በሥልጣን ላይ ያለ ዴሞክራት ፕሬዚዳንት ስለሌለ ውድድሩ በራሱ ክፍት ይሆናል። ጉዳዩ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ፣ ቢያሸንፉ በ2032 ነው። በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ሕጋዊ ተፎካካሪ ሲነሣበት በአደባባይ እንዲከራከር፣ የግዛት ቅርንጫፎችም አንድ ስም ብቻ አቅርበው ምርጫ እንዳያስቀሩ የሚያስገድድ ደንብ ያስፈልጋል። ደንቡ መጻፍ ያለበት አሁን ነው፤ ማንን እንደሚጎዳ፣ ማንን እንደሚጠቅም ገና አይታወቅምና።