አሮጌዋ ወይስ አዲሷ? ሁለት ኤፍ-5ዎችን በሲሙሌተር ለማወዳደር

አየር ጤና አካባቢ ካሉት ጌም ቤቶች በአንዱ ሁሉም ፕሌይስቴሽን ላይ ኳስ ሲጫወት፣ ጥግ ላይ ሁለት ልጆች በሁለት ኮምፒውተር ተፋጠዋል። ጨዋታው ዋር ተንደር ነው። አንዱ ኤፍ-5ኤ፣ ሌላው ኤፍ-5ኢ ይዟል። ባለ ኤፍ-5ኤው ሦስቴ ተከታትሎ አሸነፈና «አልኩህ እኮ! አሮጌዋ ናት የምትታጠፈው» አለ። ጠጋ ብዬ ስክሪናቸውን አየሁ። ተሸናፊው ታንኩን ሞልቶ ነበር የሚበረው፤ አሸናፊው በግማሽ ነዳጅ።

ሁለቱም አውሮፕላኖች ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ኤፍ-5ኤ ቢሾፍቱ የገባችው በንጉሡ ዘመን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ኤፍ-5ኢ ከአብዮቱ በኋላ ተከተለች። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወር ኦጋዴን ሰማይ ላይ ከሚግ-21 ጋር የተናነቀችው ይህችኛዋ ናት። በእሷ ሚግ ከጣሉት አብራሪዎች አንዱ የሆኑት ለገሠ ተፈራ በኋላ ተማርከው ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተዋል።

ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንትዮች ናቸው፤ ሁለቱም ባለ ሁለት ሞተር፣ ቀጫጭን፣ ክንፈ አጭር። የአሮጌዋ አንድ ሞተር 1,850 ኪሎ ግራም ገደማ ሲገፋ የአዲሷ 2,270 ገደማ ይገፋል። ግን አዲሷ ወፍራም ናት፤ ባዶዋን 4,350 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፣ አሮጌዋ 3,670 ገደማ። ስለዚህ ተጨማሪው ጉልበት አብዛኛው የራሷን ተጨማሪ ሸክም ለመሸከም ይውላል።

የክንፉ ነገር ደግሞ ያስገርማል። የአሮጌዋ ክንፍ 15.8፣ የአዲሷ 17.3 ካሬ ሜትር ነው። ባዶ ክብደታቸውን ለክንፋቸው ብናካፍል፣ አንድ ካሬ ሜትር ክንፍ በአሮጌዋ 232 ኪሎ፣ በአዲሷ 251 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። በዚህ ስሌት ብቻ ከሄድን በመታጠፍ አሮጌዋ ልትበልጥ ይገባ ነበር። ስሌቱ ያልቆጠረው ነገር ግን አለ። ክንፉ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወደ ፊት የተዘረጋው ሹል ጠርዝ በአዲሷ ላይ ሰፍቷል። አፍንጫዋ ሽቅብ ሲቀና ከዚያ ጠርዝ የሚነሣው የአየር አዙሪት በክንፏ ላይ እየተንከባለለ አየሩ ቶሎ እንዳይላቀቅ ያደርጋል። በዚህ ላይ በመታጠፍ ጊዜ የሚወርዱ የክንፍ ፍላፖች አሏት። ስለዚህ አጥብቃ ስትታጠፍም ቶሎ አትከዳም።

እንዴት እንፈትን?

መጀመሪያ ነዳጁን እናስተካክል፤ በመቶኛ ሳይሆን በደቂቃ። የአዲሷ ታንክ ስለሚበልጥ የሁለቱ «ግማሽ» እኩል አይደለም። ሁለቱም ለተመሳሳይ ደቂቃ የሚበቃቸውን ይያዙ። ሚሳይልና ቦምብም እኩል ይሁን።

ቀጥሎ ከፍታ። የቢሾፍቱው የአየር ኃይል ጣቢያ ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተርም ክንፍም ይደክማሉ፤ የመነሻ ሩጫው ይረዝማል። ኤፍ-5ኢ የፊት እግሯን አስረዝማ አፍንጫዋን በማቅናት ሩጫውን ማሳጠር ትችላለች፤ በዲሲኤስ ሲሙሌተር ኮክፒት ውስጥ ማብሪያው ራሱ አለ። አንዷን ባሕር ዳርቻ፣ ሌላዋን ደጋ ላይ ፈትኖ ማወዳደር ግን ዳገትና ሜዳ ላይ የሮጡ ሁለት ሯጮችን እንደማወዳደር ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይፈተን። በ3,000 ሜትር ላይ፣ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር እየበረሩ፣ ከፍታ ሳይጥሉ አንድ ሙሉ ዙር ይዙሩ። ሁለት ቁጥር ይጻፉ፦ ዙሩ የፈጀውን ሴኮንድና በመጨረሻ የቀረዎትን ፍጥነት። ብዙ ተጫዋች የሚረሳው ሁለተኛውን ነው። ቶሎ ዞሮ ፍጥነቱን የጨረሰ፣ ለሁለተኛው ዙር ባዶ እጁን ይቀራል። ፈተናውን ሦስት ጊዜ መድገም ነው፤ አንዱ ዙር በአጋጣሚ ሊያምር ይችላል።

የሚቻል ከሆነ በጆይስቲክ ይሁን። ዋር ተንደርን በማውስ ሲበሩ ኮምፒውተሩ ራሱ መሪውን እያለሰለሰ ያግዛል፤ የአውሮፕላኖቹም ጠባይ ይደበዝዛል። ጨዋታው ሲታደስም የበረራ ጠባዩ ሊቀየር ስለሚችል የቆየ ውጤት ለክርክር አይበቃም።

ልጆቹን «ነዳጃችሁን አስተካክሉ፤ ከዚያ ደግሞ ወንበር ተቀያየሩ» አልኳቸው። ድሉ ልጁን ተከትሎ ወንበር ከቀየረ ልዩነቱ የእጅ ነው። እዚያው አውሮፕላኗ ጋ ከቀረ ግን የእሷ ነው።