የቆጥ ነገር፤ ስለ ላይኛው የቤት ክፍል ጤንነት

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ያልሰማ አንባቢ የለም። ተረቱ እንደሚመሰክረው ቆጥ በባላገር ቤት ውስጥ የቤቱ ሀብት የሚቀመጥበት ከፍተኛ ስፍራ ነው። በዚህ ወር የምንመለከተው ግን ቆጥ የእህል ማኖሪያ መሆኑ ሳይቀር የልጆች መኝታም ሲሆን የሚያመጣውን ጉዳት ነው።

ሰው ከምድር ከፍ ብሎ ማደርን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በላሊበላ የሚታዩት ባለ ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶች ምድር ቤታቸው ለከብት፥ ደርባቸው ለሰው እንዲሆን የተሠሩ ናቸው። ከባሕር ማዶም የሰሜን ፖርቱጋል ባላገር እንዲሁ በድንጋይ ቤቱ ታች ከብቱንና የወይን ጠጁን በርሜል አኑሮ፥ በላይኛው ወለል ማድ ቤቱንና መኝታውን ያደርግ ነበር። ብዙዎቹ ማድ ቤቶች የጢስ መውጫ ስላልነበራቸው ጢሱ በጣራው ክዳን መካከል እየሾለከ ይወጣ ነበር፤ ሥጋም በዚያው ጢስ ላይ ተሰቅሎ ይደርቅ ነበር። የከብቱና የእሳቱ ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ የብርድ አገር ሰው ሙቀቱን ተከትሎ ወጣ።

ቴፒ ግን ደጋ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ፥ ሙቀትና ዝናብ ያልተለያት የቡናና የቅመማ ቅመም አገር ናት። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ ከሰሜን ደጋ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ደቡብ ምዕራብ መጥተው ሰፍረዋል፤ ሰውም አገር ሲለውጥ የቤት ልማዱን ይዞ ይሄዳል። በዚህ እርጥብ አገር ከምድጃ በላይ የተሠራ ቆጥ በቆሎን ከሻጋታና ከነቀዝ ስለሚጠብቅ ጥበቡን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ልጆችን በዚያው ማስተኛትን ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቤት ገብተን የሦስት ልጆች እናት የሆኑትን ባለቤት ልጆቹ የት እንደሚያድሩ ብንጠይቃቸው፥ «ብርድ እንዳይመታቸው ከቆጥ ላይ ናቸው፤ እኔም ያደግሁት እዚያው ነው» አሉን። በመሰላሉ ወጥተን ብንቀመጥ እስከ መቶ ሳንቆጥር ዐይናችን እንባ አፈሰሰ። ታናሹ ልጅ በዚያ ጢስ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳል፤ ሳሉም ከደጅ ይሰማ ነበር።

ነቀዝን የሚያባርር ጢስ የሕፃን ሳንባን አይምርም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ነበሩ።

ሁለተኛው አደጋ የነቀዝ ክኒን ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የተባለው ክኒን የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ለመርዙም ማርከሻ የለውም። ይህ ጋዝ ከአየር ጥቂት ስለሚከብድ ከቆጥ ወደ ታች ይወርዳል። እንግዲህ ጢሱ ወደ ላይ ወጥቶ ልጆቹን ሲያገኝ፥ መርዙ ወደ ታች ወርዶ ወላጆቹን ያገኛል ማለት ነው።

ሦስተኛም፥ ቴፒ የወባ አገር ናት። ቆጥ ለጣራው ስለሚቀርብ አጎበር በደንብ ዘርግቶ ከፍራሹ ሥር ለመሸጎጥ አይመችም፤ ጢስም የአጎበርን ቦታ አይተካም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፦

1ኛ. ልጆች ከምድጃው በግድግዳ በተለየ ክፍል፥ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ወይም አልጋ ላይ በአጎበር ውስጥ ይደሩ።

2ኛ. የሚቻለው ማድ ቤቱን ከመኖሪያ ቤቱ ይለይ፤ ያልተቻለው መስኮት ያውጣ፥ ከምድጃው በላይም ዝናብ የማያስገባ የጢስ መውጫ ያብጅ።

3ኛ. የነቀዝ ክኒን ሰው በሚያድርበት ቤት ከቶ አይግባ። በደንብ የደረቀ በቆሎ አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ቢታሰር ነቀዙ አየር አጥቶ ያለ መድኃኒት ይሞታል።

4ኛ. ጀንፈል ቡና ከቆጥ ይውረድ፤ ቡና የጢስ ሽታ ፈጥኖ ስለሚይዝ ዋጋው ይቀንሳል።

መምህራን ሆይ፥ ልብሱ ጢስ ጢስ የሚሸት፥ ዘወትርም የሚያስል ተማሪ ስታዩ የት እንደሚያድር ጠይቁት። ታናሽ ወንድሙ ወይም እኅቱ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፥ ሲተነፍስም የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ ለወላጆቹ ንገሩ።

ያች እናት ልጆቻቸውን ከቆጥ ያወጡት ስለሚወዷቸው ነው። ስለዚህ ምክራችን ተግሣጽ እንዳይመስል በትሕትና ይነገር። በቆሎው በቆጥ ይቆይ፤ ልጆቹ ግን ይውረዱ። የቆጡን እናድን ስንል የብብታችንን እንዳንጥል እንጠንቀቅ።