የተፈተነው ማን ነው?

በጃቫ የራሳችሁን ሎግ ማኔጀር ጽፋችሁ ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ከሆነላችሁ፣ ደስታችሁን ለጊዜው ያዝ አድርጉና አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሥራው ላይ የቆዩ ሰዎች ሻይ ላይ ሲገናኙ በለሆሳስ የሚያወሩት ነው። ብዙ ጊዜ ያ ቴስት የእናንተን ማኔጀር አልነካውም። የፈተነው ከጃቫ ጋር አብሮ የመጣውን ነው።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው አሠራር እንዲህ ነው። የጃቫ የሎግ ሥርዓት በ2002 ከጃቫ 1.4 ጋር ከወጣ ጀምሮ በአንድ ጄቪኤም ውስጥ ሎጉን ሁሉ የሚያስተዳድረው ማኔጀር አንድ ብቻ ነው። የትኛው ክላስ ቦታውን እንደሚይዝ የሚወስነው «ጃቫ.ዩቲል.ሎጊንግ.ማኔጀር» የሚባለው የሲስተም ፕሮፐርቲ ነው። የሚነበበውም አንዴ፣ ዋናው የሎግማኔጀር ክላስ መጀመሪያ ሲነሳ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮፐርቲውን ብትቀይሩት ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

አሁን ቴስታችሁን ክፈቱት። ፕሮፐርቲውን ያስቀመጣችሁት የት ነው? አብዛኛው ሰው ከቴስቶቹ በፊት በሚሠራው የማዘጋጃ ሜተድ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ለዓይንም ትክክል ይመስላል። ግን ጄዩኒት 5 የራሱን የውስጥ መልእክት የሚጽፈው በዚሁ በጃቫ ሎግ ነው። የእናንተ ክላስ ተራው እስኪደርስ እሱ ቀድሞ ሎገር ጠይቋል፤ ወንበሩ ተይዟል። ምንም ኤክሴፕሽን አይነሳም፣ ቴስቱም ያልፋል፤ ምክንያቱም መልእክት ተቀብሎ ወደ ሃንድለር ማስተላለፍን ነባሩ ማኔጀርም አሳምሮ ያውቅበታል።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የክላሱን ስም ስትጽፉ አንድ ፊደል ብትስቱ፣ ወይም ጃሩ ጄቪኤሙ ሲነሳ በሚያየው ክላስፓዝ ላይ ባይኖር፣ ጃቫ ሥራውን አያቆምም። ማኔጀሩን መጫን እንዳልቻለ የሚገልጽ አንድ መስመር ከነስታክ ትሬሱ ወደ ስህተት መውጫው ይጥልና በነባሩ ማኔጀር ይቀጥላል። የሜቨንን ውጤት ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ማን አለ? ዓይናችን የሚሮጠው መጨረሻ ላይ ወዳለው የማለፍና የመውደቅ ቁጥር ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ፕሮፐርቲውን በኮድ ውስጥ ሳይሆን ጄቪኤሙ በሚነሳበት ትእዛዝ ላይ፣ በሹርፋየር የአርግላይን መስመር ስጡት። ከዚያ ከሁሉም በፊት የሚሮጥ አንድ ቴስት ጻፉ። ጥያቄው አንድ ነው፦ አሁን ሥራ ላይ ያለው ማኔጀር የየትኛው ክላስ ነው? መልሱ የእናንተ ክላስ ካልሆነ የቀሩት ቴስቶች ስለ ሥራችሁ የሚነግሯችሁ ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ለመሸሽ በቴስቱ ውስጥ ክላሳቸውን በ«ኒው» ፈጥረው የሚፈትኑም አሉ። እንዲህ የተፈጠረ ማኔጀር የጄቪኤሙ ዋና ማኔጀር ስላልሆነ የሥር ሎገሩ አይዘጋጅለትም፣ ኮንፊገሬሽኑም በራሱ አይነበብለትም። ሎገር ስትጠይቁም ጥያቄው የሚሄደው ወደ ዋናው ነው። ለትንንሽ የውስጥ ስሌቶች ይበቃል፤ ለሌላው አይሆንም።

አንዳንዴ የሚያልፍ፣ አንዳንዴ የሚወድቅ ቴስት ካጋጠማችሁ ደግሞ ሎገሩን በምን እንደያዛችሁት እዩ። ነባሩ ማኔጀር ሎገሮችን አጥብቆ አይዝም። ደረጃውን ወደ «ፋይን» ዝቅ አድርጋችሁ ሎገሩን በቫሪያብል ሳትይዙ ከሄዳችሁ፣ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ ሊጠርገው ይችላል። በዚያው ስም እንደገና ስትጠይቁ አዲስ ሎገር ይመጣል፤ ያስተካከላችሁት ደረጃ ግን አብሮ አይመጣም። በስታቲክ ፊልድ ያዙት።

ብዙዎች የራሳቸውን ማኔጀር የሚጽፉበትን ምክንያት እንንካ፦ መዝጊያውን። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ነባሩ ማኔጀር በሻትዳውን ሁክ «ሪሴት» ይጠራና ሃንድለሮቹን ሁሉ ይዘጋል። ሁኮች ቅደም ተከተል የላቸውም፤ ስለዚህ የእናንተ ሁክ የሚጽፈው የመጨረሻው መልእክት፣ ሰርቨሩ በደህና መዘጋቱን የሚነግራችሁ ያ መስመር፣ ደብዛው ሊጠፋ ይችላል። የቶምካት ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የእነሱ ማኔጀር «ሪሴት» ሲጠራ የጠራውን ስሬድ ክላስ ስም ያያል፤ ከነባሩ ማኔጀር የመዝጊያ ስሬድ የመጣ ከሆነ ምንም ሳያደርግ ይመለሳል፣ መዝጊያውን በራሱ ሁክ ይሠራዋል።

ይህ ባሕርይ በጄዩኒት ጄቪኤም ውስጥ ሊፈተን አይችልም፤ ጄቪኤሙ ሲዘጋ ቴስቱም አብሮ አልቋል። ያለው መንገድ በፕሮሰስቢልደር ሌላ ጄቪኤም ማስነሳት፣ እስኪዘጋ መጠበቅ፣ ከዚያ የጻፈውን ማንበብ ነው። ከሌሎቹ ቴስቶች ስለሚዘገይ ብዙ ቡድን ይዘለዋል። እናንተ አትዝለሉት፤ ማኔጀሩን የጻፋችሁት ለዚያች የመጨረሻ መስመር ከሆነ፣ መጀመሪያ ልትፈትኑት የሚገባው እሱን ነው።